የሃቮድ ማክሰኞ

የናንት ዌኖልን ባቡር ጣቢያ ያስዘጋው አባቴ ነው። መንግሥት ነው የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። እኔ ኔስታ የኢቮር ልጅ ነኝ፣ አውቃለሁ።

ጣቢያ መባሉ ለወጉ ነበር፤ አንድ የእንጨት መሳፈሪያ፣ አንዲት የቆርቆሮ መጠለያ፣ አንድ ፋኖስ። ባቡሩ የሚቆመው እጅ ከተዘረጋለት ብቻ ነው፤ ያልዘረጋ ጭሱን ጠጥቶ ወደ ቤቱ። እንዲያም ሆኖ እናቴ በሙሽርነቷ የወረደችው እዚያ ነው። የሸለቆው ቅቤና እንቁላል ወደ ገበያ የሄደው፣ ለጦርነት የተጠሩ ልጆቻችን የተሸኙት ከዚያ ነው። ጎረቤታችን ሞስቲን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እጮኛውን የሚቀበለው እዚያ ነበር፤ ጫማውን ወልውሎ፣ ዝናብ ላይ ቆሞ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ጣቢያው ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በሰኔ ሦስተኛው ማክሰኞ መንገደኛ ቆጣሪ ይመጣል፣ ተሳፋሪ ከሌለ ጣቢያው ይዘጋል ይላል። ያቺ ማክሰኞ የእርሻችን የሃቮድ የበግ ሽለታ ቀን ናት። በእኛ ሸለቆ እያንዳንዱ እርሻ ከአያት የወረደ የራሱ ቀን አለው፤ በዚያ ቀን ሁሉም መቀሱን ይዞ እዚያ ግቢ ይገኛል። የቀረ ሰው በራሱ ቀን ከበጎቹ ጋር ብቻውን ይፋጠጣል።

ሰው እንዲሳፈር ብሎ ሞስቲን ሽለታውን በአንድ ቀን እንዲያዘገይለት አባቴን ለመነው። አባቴ "የሃቮድ ማክሰኞ የአያቴ ናት። ለቢሮ ሰው ብዬ አልነካትም" አለው። ነፍሱን ይማረውና፣ ከገዛ አውራ በጉ ጋር እንኳ የሚኳረፍ እልኸኛ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት አርባ ሰው ግቢያችን ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲሸልት ባቡሩ ከታች እየጮኸ አለፈ። ሁሉም ቀና አለ። ቆጣሪው ዜሮ ጻፈ። በዓመቱ ጣቢያው ተዘጋ፤ ባቡሩ ማለፉን አልተወም፣ መቆሙን ተወ እንጂ። የሞስቲን እጮኛ ሁለት ክረምት በደብዳቤ ከታገሠች በኋላ ከተማ ውስጥ አንድ ባለሱቅ አገባች። እሱ ሌላ አላገባም። መቅረት ነውር ነውና በየዓመቱ ለሽለታችን ይመጣል፤ ሻያችንን ግን አይቀምስም። የራሱን በፔርሙስ ይዞ አጥሩ ሥር ተቀምጦ ይጠጣል። ይኸው ስልሳ ዓመት።

ዘንድሮ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ባቡሩ ለሙከራ አንድ ቀን ናንት ዌኖል ሊቆም ነው፤ ሠላሳ ተሳፋሪ ከተገኘ ለዘለቄታው ይቆማል። ቀኑን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ የሰኔ ሦስተኛው ማክሰኞ። ከዚያ ሳቄ ጠፋ። ዓይኔ ስለደከመ መኪና እንዳልነዳ ተከልክያለሁ። ባቡሩ ካልቆመ ሃቮድን ሸጬ ከተማ እህቴ ዘንድ መግባቴ ነው። እህቴን እወዳታለሁ፣ ለእሑድ ምሳ ያህል።

ማክሰኞን ለመልቀቅ እኔ ዝግጁ ነበርኩ። ችግሩ ሌላው ቀን ሁሉ ባለቤት አለው፤ ማግስቱ ረቡዕ ደግሞ የሞስቲን ነው። አባቴ የከለከለውን ሰው ልለምን ነው እንግዲህ። ሁለት ቀን አመነታሁ። በሦስተኛው ዘቢብ የገባበት ዳቦ ጋግሬ በሩን አንኳኳሁ። ግቢ አላለኝም።

"ጋሽ ሞስቲን፣ ረቡዕህን ስጠኝ።"

"አባትሽ ይህን ቢሰማ ከመቃብሩ ይነሳ ነበር።"

"ተነስቶ እሱም ይለምንህ ነበር። ጥፋቱን ያውቅ ነበር። ሊሞት ሲል 'ያቺን ማክሰኞ' ብሎኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።"

"ታዲያ ለኔ ለምን አልነገረኝም?"

"ሻዩን እምቢ እያልከው የት ቁጭ ብሎ ይንገርህ?"

ዳቦውን ከእጄ ተቀበለኝ። "ረቡዕን አልሰጥሽም" አለ። "እኔ እንደሆነ ሠላሳ በግ ነው ያለኝ። አብረን እንሸልትባታለን።"

ማክሰኞ ዕለት አርባ አራት ሰው መሳፈሪያው ላይ ቆመ፤ ሞስቲን የጸሎት ቤት ልብሱን ለብሶ ከፊት። ባቡሩ ከጠመዝማዛው ብቅ ሲል ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ያዘ። እጁን የዘረጋ የለም። የባቡሩ ድምፅ እየቀረበ መጣ፤ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ሞስቲን በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

"ዘርጊ እንጂ፣ የኢቮር ልጅ። ይሄን እንኳ የናንተ ቤት ይሥራው።"

ዘረጋሁ። ለእኔ የታየኝ አንድ አረንጓዴ ነገር ብቻ ነው፤ ፍሬኑን ግን በደንብ ሰማሁት። ቆመ። አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል። ቆጣሪዋ ልጅ በሩ ላይ ቆማ አንድ በአንድ ቆጠረችን፤ አርባ አራት ጻፈች። ሞስቲን ከተማ ወርዶ አንድ አይስክሬም በላና በሚቀጥለው ባቡር ተመለሰ።

በማግስቱ ሠላሳ በጎቹን እየነዳ ሃቮድ ገባ። ፔርሙሱን አልያዘም።