ከሁለተኛው ክፍል የወጣው ሞት

ብሩክታይት ቢቸና ውስጥ በአንድ ፎቶ ቤት የሰርግ ቪዲዮ ታቀናብራለች። ሙያውን ያስተማረቻት ታላቅ እህቷ ስርጉት ናት። እናታቸው ቀድማ ስላረፈች ያሳደገቻትም እሷው ነበረች። ስርጉት ምጥ የያዛት ዕለት ብሩክታይት አብሬሽ ካልሄድኩ ብላ ስታለቅስ፣ "አትከተዪኝ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ" ብላት ወጣች። አልተመለሰችም።

ሁለቱ እህቶች ደጋግመው የሚያዩት አንድ ፊልም ነበር። ውሃዋ ወዳለቀባት ፕላኔት በመንኮራኩር በረዶ የሚያመላልሱ የሁለት እህትማማቾች ታሪክ ነው። ስርጉት "ታላቂቱ እኔ ነኝ፤ አንቺ ዝም ብለሽ ታዘዢ" እያለች ትቀልድ ነበር። ሁለተኛው ክፍል የወጣው ግን እሷ ካረፈች በኋላ ነው። ብሩክታይት ብቻዋን አየችው። ታላቂቱ እህት ፊልሙ ገና ሳይጋመስ፣ ለአንድ ወታደር ጀግንነት ማድመቂያ እንድትሆን፣ በጥይት ተመትታ ወደቀች። ከዚያ ወዲያ ስሟን የሚያነሳ አልነበረም።

"ሰው እንዲህ ተጥሎ አይታለፍም" አለች ለዘሚራ በስልክ።

ዘሚራ የሞጣ ልጅ ናት። ደብረ ማርቆስ ኮሌጅ ሲማሩ አንድ ክፍል ተከራይተው ኖረዋል። ስርጉት ስትቀበርም ከሞጣ መጥታ ሰልስት እስኪወጣ ከብሩክታይት አጠገብ አልተለየችም። አሁን በወንድሟ ሱቅ ለሰው ፊልም በፍላሽና በስልክ ትጭናለች።

"ታዲያ ቁረጪው!" አለች ዘሚራ እየሳቀች። "የሰው ሰርግ ስትቆርጪ አይደል የምትውዪው?"

በቀልድ ተጀመረ። ክረምት ሰርግ የለም፤ ብሩክታይት ሁለተኛውን ክፍል ፈታታ እንደገና ገጠመችው። ጥይቱን አወጣች። ከመጀመሪያው ክፍል ቁርጥራጭ እያመጣች ቀጠለችበት። በእሷ ቅንብር ታላቂቱ የመንኮራኩሩን በር ከውጭ ትዘጋና ታናሿን ወደ ሰማይ ትልካለች፤ እሷ አቧራው ውስጥ ትራመዳለች። ትሙት አትሙት አይታወቅም። በምስሉ ላይ የሚነበበውን የአማርኛ ትረካም ራሷ ጻፈችው። ታላቂቱ በሩን ስትዘጋ የምትለው የስርጉትን ቃል ነው።

ትረካውን ያነበበችው ዘሚራ ናት፤ ድምፅዋ ያምራል። ያን ጊዜ ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር ፍላሹ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ከቢቸና ሞጣ፣ ከሞጣ ቢቸና ተመላለሰ። ሲያልቅ ዘሚራ ለደንበኞቿ መጫን ጀመረች። "ሰዉ እያየልሽ ነው" ትላለች በደወለች ቁጥር።

ኢንተርኔቱ እንደተከፈተ ብሩክታይት ፊልሙን ቴሌግራም ላይ አገኘችው። "ትረካና ቅንብር፦ ዘሚራ" ይላል። ከፍታ አየችው። ከመሀል ላይ ጥይቱ ተመልሷል። ታላቂቱ ደም በደም ሆና ወድቃለች፤ በሬሳዋ ላይ ዘሚራ በሳግ እየተናነቃት "አትከተዪኝ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ" ትላለች።

ብትደውል ዘሚራ አታነሳም። በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፍራ ሞጣ ወረደች።

በር የከፈቱላት የዘሚራ እናት እማማ ጦይባ ነበሩ። "እሰይ ልጄ! ምነው እንዲህ ጠፋሽ?" ብለው ሳሟት። "የእህትሽን ፊልም አየሽው? አገሩን ሁሉ አስለቀሰችው እኮ!"

እህትሽ ያሉት ዘሚራን ነው። እማማ ጦይባ ሻይ ሊያፈሉ ወደ ጓዳ ሲገቡ ዘሚራ ከውስጥ ወጣች።

"ለምን ገደልሻት?" አለች ብሩክታይት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ሰው አልገባውም፣ ብሩክቴ። 'ሞተች ወይስ አልሞተችም?' እያለ ሱቁን ሞላው። ካላለቀሰ ደግሞ ለሌላ አይልከውም።"

"ስሜስ?"

"ያንቺን ስም ማን ያውቀዋል? የሚሰሙት እኔን ነው።"

"ቃሉ የስርጉት ነው። ታውቂያለሽ።"

ዘሚራ መሬት መሬት አየች። "አውቃለሁ። ለዚያ ነው ያስለቀሰኝ። የውሸት ያለቀስኩ መሰለሽ?"

"ከቴሌግራም አንሺው፣ ዘሚራ።"

"ያንቺ ነው እንዴ?" ዘሚራ ቀና አለች። "አንቺስ የማንን ነው የቆረጥሽው? ባለቤቶቹን አስፈቅደሽ ነበር?"

ብሩክታይት አላስፈቀደችም። እማማ ጦይባ ሻይና ዳቦ ይዘው ገቡ። እሳቸው አጠገቧ ተቀምጠው "ብዪ እንጂ ልጄ፣ መንገደኛ ነሽ" እያሉ ይቆርሱላታል። የቆረሱላትን በላች፤ መርቀው ሸኟት።

ቢቸና እንደደረሰች የራሷን ቅንብር በራሷ ድምፅ አንብባ ቴሌግራም ላይ ለቀቀችው። ያዩት ጥቂቶች ናቸው። ከሥሩ አንድ የማታውቀው ሰው እንዲህ ጻፈላት፦ "የዘሚራን ሰርቀሽ መጨረሻውን አበላሸሽው። ድምፅሽም አይሆንም።" ሌሎቹ አውራ ጣት አደረጉለት። መልስ መጻፍ ጀመረች፤ የመንኮራኩሩን በር፣ የምጡን ዕለት፣ የስርጉትን ቃል። ስታነበው የሐዘኔታ ልመና መሰላት። አጠፋችው፤ ቪዲዮውንም አብራ አነሳችው።

የስርጉት ሙት ዓመት በደረሰ ጊዜ ዘሚራ እንደ ወትሮው አልመጣችም። የድምፅ መልእክት ላከች። ብሩክታይት ስልኳ ላይ አየችው። ይቅርታ ይሆናል፣ ለቅሶም ይሆናል። ያ ድምፅ ማልቀስ እንደሚያውቅበት ሰምታዋለች። ሳትከፍተው ደመሰሰችውና ለዘመዶቿ ጠላ ልትቀዳ ተነሳች።