አርሴኒ ቴምብር ላይ የወጣበት ዓመት

ሰዓሊው ከሞስኮ የመጣው በረዶው ቀልጦ የዛብሮድ ከተማ መንገድ ሁሉ ጭቃ በሆነበት ሰሞን ነበር። ስሙ ቬንያሚን ነው፤ ሥራው ለፖስታ ቴምብር ሥዕል መሣል ነው። በጭቃ የራሰ ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲው ገባና፣ ካፒቶሊና ሳቪሽና የቀዱለትን ሻይ ገና ሳይቀምስ ከቦርሳው አንድ ካርቶን አውጥቶ በሁለት እጁ አቀበላቸው።

ካፒቶሊና መነጽራቸውን አደረጉና አዩት። ራቅ አድርገው ደግመው አዩት።

«ማነው ይሄ?» አሉ።

ቬንያሚን ደነገጠ። «ባለቤትዎ ናቸው እንጂ! አርሴኒ ሉኪች ኮርዙኒን።»

«ባሌ? ኧረ ተወኝ ልጄ! ይሄ ግብር ያልከፈለ ሰው ፍለጋ የወጣ ሹም ነው።»

ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ጢሙ ተበጥሯል፣ ክራቫቱ አንገቱን አንቆታል፣ ግንባሩ ተቋጥሯል። ቬንያሚን የሣለው በየመጽሐፉ ጀርባ ከሚወጣው ፎቶ ላይ ነበር። ካፒቶሊና ያንን ቀን አልረሱትም። አርሴኒ ለደራሲዎች ስብሰባ ሄዶ፣ ክራቫቱን ከሰው ተውሶ፣ ጥርሱ ሌሊቱን ሲጠዘጥዘው አድሮ ነው የተነሣው። እንግዲህ አገር የሚያውቀው አርሴኒ ያ ጥርሱን የታመመው አርሴኒ ሆኖ ቀረ።

«በሚመጣው ዓመት ከተወለዱ መቶ ዓመት ይሞላቸዋል። ቴምብሩ በአገሩ ሁሉ ነው የሚሠራጨው» አለ ቬንያሚን። «እርስዎ ካልወደዱት እኔም አልወደውም። እንዴት ያለ ሰው ነበሩ?»

ካፒቶሊና ሳቁ። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው፤ ስለ ባላቸው ብዙ ሰው መጥቶ ጠይቋቸዋል። ስለ መጽሐፎቹ፣ ስለ ሐሳቡ፣ ስለ ዘመኑ ጠይቀዋቸዋል። እንዴት ያለ ሰው ነበር ብሎ የጠየቃቸው ግን የለም።

«የጀልባ ቀዛፊ ልጅ ነበር» ብለው ጀመሩ። «የኦካን ወንዝ ሲሻገርና ሲመለስ ነው ያደገው። ኋላ ቴሌግራፍ ቤት ተቀጠረ። እዚያ ቃል ሁሉ ዋጋ አለው፤ ድሃ ሰው እናቱ መሞቷን በሦስት ቃል ነው የሚልከው። አጭር አድርጎ መጻፍ የተማርኩት ከድሃ ነው ይል ነበር። ጽሑፉን የሚጽፈው ወጥ ቤት ነው፣ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ። ጽሑፉ ሲያምርለት ብቻውን ይስቃል። የፊት ጥርሱ አንዱ የለም፤ ልጅ ሳለ መቅዘፊያ መቶት ነው የወለቀው። ያኔ ታዲያ ሲስቅ ፊቱ ሁሉ ይበራል። እኔም ያገባሁት ያንን ሳቅ ነው፤ ሌላ ምን ነበረውና!»

«ሲስቁ የተነሡት ፎቶ ይኖራል?»

የካፒቶሊና ፊት ዳመነ። አልበማቸው በጦርነቱ ጊዜ ከተማውን ለቀው ሲሸሹ ከጓዝ ጋር ጠፍቷል። አርሴኒ ያኔ አልነበረም፤ ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ክረምት ሳንባውን ታሞ ሞቷል። አንድ ፎቶ ግን እንደተረፈ ያውቃሉ። ያለውም ከወንዙ ማዶ፣ ሊፕኪ መንደር፣ ታላቅ እኅታቸው ግላፊራ ዘንድ ነው። ከግላፊራ ጋር ደግሞ ከተነጋገሩ አርባ ዓመት አልፏቸዋል።

«ምን አጣላችሁ?» አለ ቬንያሚን፤ ወዲያው በጥያቄው አፍሮ ሻዩን ፉት አለ።

«አንድ አጭር ልብ ወለድ» አሉ ካፒቶሊና።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አርሴኒ መጀመሪያ ያጨው ግላፊራን ነው። ኋላ ልቡ ወደ ታናሺቱ ዘነበለ። ግላፊራ ቂም አልያዙም፤ ለሠርጉ ኬኩን የጋገሩትም እሳቸው ናቸው። ሦስቱ አብረው ይዘፍኑ፣ አብረው ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን አርሴኒ አንድ ታሪክ ጻፈ። ታሪኩ እኅቷን ያገባውን ሰው በወንዝ ዳር ቆማ ዕድሜዋን ሙሉ ስለምትጠብቅ ሴት ነው። አገር አነበበው፤ አለቀሰበት። የሊፕኪ ሰውም አነበበው፤ እሱ ግን አላለቀሰም። ግላፊራን «ጠባቂዋ» ብሎ ስም አወጣላቸው። ወተት ሊገዙ ሲወጡ «ዛሬስ አልመጣም እንዴ?» የሚላቸው አይጠፋም። ግላፊራ በራቸውን ለአርሴኒም ዘጉ፤ ጽሑፉን በጃቸው ገልብጠው ወደ ማተሚያ ቤት ለላኩት ለካፒቶሊናም ዘጉ።

ካፒቶሊና ይህን ተርከው ጨረሱ። ካርቶኑን አነሡና ያንን ግንባሩን የቋጠረ ሰውዬ እንደገና አዩት። አገር ሁሉ ደብዳቤው ላይ ሊለጥፈው ነው!

«ካፖርቴን አቀብለኝ» አሉ።

የማሻገሪያው ጀልባ ገበያተኛ ሞልቶት ነበር። ካፒቶሊና ከቬንያሚን ጋር በዶሮ ቅርጫትና በድንች ጆንያ መካከል ተቀምጠው፣ መሐረባቸውን ጠበቅ አድርገው አሥረው ተሻገሩ። የግላፊራ ቤት አጥሩ ሰማያዊ ነው። ካፒቶሊና ከአጥሩ ውጭ ካለው አግዳሚ ወንበር አጠገብ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከማንኳኳታቸው በፊት በሩ ተከፈተ።

ግላፊራ ሳቪሽና ከእኅታቸው ይረዝማሉ፤ ጀርባቸው አልጎበጠም። ካፒቶሊናን ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው።

«አርጅተሻል» አሉ።

«አንቺስ? ከኔ በሁለት ዓመት ትበልጪያለሽ።»

«እኔ ሰው ስለማላይ አላረጅም። ይሄ ደግሞ ማነው? ልጅ ወለድሽ እንዴ?»

«የቴምብር ሰዓሊ ነው። አርሴኒ ቴምብር ላይ ሊወጣ ነው።»

ግላፊራ በሩን እንደያዙ ቆዩ። «ቴምብር? ያ በምላስ የሚላሰው ነገር?»

«እሱው።»

«በይ ግቢ» አሉ ግላፊራ። «በሕይወቱ ሁሉም ሲያሞግሰው፣ ሲሞት ደግሞ ጀርባውን ሊልሱት! ጫማሽን አውልቂ፤ ወለሉን ዛሬ ነው ያጠብኩት።»

ቤቱ ሞቅ ያለ ነው። ጥቁር ዳቦና በጨው ያኖሩት ዱባ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ግላፊራ ሦስት ሳሕን ሾርባ ቀዱ፤ ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ ብለው አልጠየቁም። ቬንያሚን ነበር ሳሕኑን ጨርሶ ስለ ፎቶው የጠየቀው።

«አለ» አሉ ግላፊራ። «ከዚህ ቤት ግን አይወጣም። አንድ ጊዜ ከቤቴ የወጣ ነገር አገር ሙሉ ሲያነበው አይቻለሁ። መሣል የሚፈልግ እዚሁ ተቀምጦ ይሣል።»

ካፒቶሊና ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «አሁንም በዚያ ታሪክ ነሽ? ግላሻ፣ ታሪኩ እኮ ቆንጆ ነበር።»

«ቆንጆ መሆኑን አጥቼው ነው? ያናደደኝስ እሱ አይደል! መጥፎ ቢሆን ኖሮ ማን ያነበው ነበር?»

ቬንያሚን ሳቁን ሊያፍን ዳቦ ጎረሰ። ግላፊራ አዩትና እሳቸውም ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር፣ ሳሕን እያነሡ፣ እንዲህ አሉ፦

«ደግሞ እሱ ይቅርታ ጠይቆኛል።»

«ማን?»

«ባልሽ ነዋ። በረዶው በቀለጠ ቁጥር ይሻገርና ደጅ ካለው ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። አልከፍትለትም። እሱም አያንኳኳም። ሲመሽ ይሄዳል። የመጨረሻው ዓመት ላይ ግን ዝናብ መጣ፤ በዝናቡም አልነሣ አለ። ሰው እደጄ ይሙት ብዬ ነው? ከፈትኩለት። ሾርባ ሰጠሁት። ‹ግላሻ፣ ታሪኩ ያንቺ ነበር፤ ሳልጠይቅሽ ወሰድኩብሽ› አለኝ። እኔም ብላ አልኩት። በላና ሄደ። በዚያው ክረምት ሞተ።»

ካፒቶሊና ወንበራቸውን ይዘው ቀሩ። አርሴኒ በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ዓሣ ላጠምድ ነው ብሎ ይወጣ ነበር። ባዶ እጁን ሲመለስ «ዘንድሮ ወንዙ ዓሣ የለውም» ይላቸዋል። እሳቸውም ያምኑታል፤ እንዲያውም ከጎረቤት ጋር በባላቸው ዓሣ አጥማጅነት ስንት ጊዜ ተሳስቀዋል! ለምን ደበቃቸው? አንድ ቃል ቢላቸው እሳቸውስ አብረው አይሻገሩም ነበር? ወይስ ላይሻገሩ እንደሚችሉ ያውቅ ነበር? ያን ጊዜ ኩራታቸው ከወንዙ ይሰፋ ነበር፤ ይህን ለሌላ ሰው ባይናገሩትም ራሳቸው ያውቁታል።

«ምን ሾርባ ነበር የሰጠሽው?» አሉ።

«የእንጉዳይ።»

«እንጉዳይ አይወድም።»

«ሁለት ሳሕን ነው የበላው።»

«እኔ ስሠራ እኮ አልወድም ነው የሚለኝ!»

«እንግዲህ እሱን ከሾርባሽ ጋር ተነጋገሪ» አሉ ግላፊራ።

ካፒቶሊና መሐረባቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ይሳቁ ያልቅሱ ቬንያሚን ሊለይ አልቻለም፤ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። ግላፊራ ተነሡ። ወደ ጓዳ ገብተው ፎቶውን አምጥተው በእኅታቸው ፊት አስቀመጡት።

ጀልባ ላይ የተነሡት ነው። ሁለቱ ወጣት እኅትማማቾች በግራና በቀኝ፣ አርሴኒ መካከል ላይ። ኮሌታው ተከፍቷል፤ ፀጉሩን ነፋስ በትኖታል፤ ጥርሱ የወለቀበት ክፍተት እስኪታይ ድረስ አፉን ከፍቶ ይስቃል። ካፒቶሊና በጣታቸው ሳይነኩት፣ ከላዩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆዩ።

ቬንያሚን ሊፕኪ ሰነበተ። ካፒቶሊናም ጥለውት አልሄዱም፤ ከእኅታቸው ጋር አንድ ክፍል አደሩ። ሰዓሊው መስኮት ሥር ተቀምጦ ሲሣል ሁለቱ ከኋላው ቆመው ይከራከራሉ።

«ጆሮው እንዲህ አልነበረም፤ ወጣ ያለ ነው» ይላሉ ካፒቶሊና።

«ያንቺ ባል ጆሮ ከሆነ እንጃ፤ የኔ እጮኛ ጆሮ ደኅና ነበር» ይላሉ ግላፊራ።

«እናቶቼ፣» ይላል ቬንያሚን፣ «ቴምብሩ እኮ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው።»

«እሱም ቢሆን ትክክለኛ ጥፍር ይሁን!» ይሉታል ሁለቱም ባንድነት።

ቴምብሩ የወጣው በሚቀጥለው ክረምት ነው። ኦካ ወደ በረዶነት ተለውጦ ነበርና ግላፊራ በፈረስ ጋሪ ወንዙ ላይ ተነድተው ዛብሮድ ገቡ። ፖስታ ቤቱ ውስጥ ሰው ተሰልፏል፤ የመስኮቷ ሠራተኛ ካፒቶሊናን ስታይ ብድግ ብላ ሙሉ ወረቀት ቴምብር አውጥታ ሰጠቻቸው። አረንጓዴ ቀለም ያለው ነው። ከኋላ ወንዝና ጀልባ ይታያል፤ ከፊት አርሴኒ አለ፤ ክራቫት የለውም፤ ፀጉሩ ተበትኗል። አፉ ግን ተዘግቷል። ፈገግ ይላል እንጂ አይስቅም። ሞስኮ ያሉ አለቆች የወለቀ ጥርስ ለታላቅ ደራሲ አይገባም ብለው አስዘጉት፤ ቬንያሚን ተከራክሮ ተከራክሮ ያተረፈው ፈገግታውን ነው። ይህንንም በስልክ አስረድቶ ካፒቶሊናን ይቅርታ ጠይቋቸዋል።

ካፒቶሊና ትንሽ ከፋቸው። ግላፊራ ግን ቴምብሩን ወደ ብርሃኑ አዙረው ካዩት በኋላ «ግድ የለሽም ካፓ። ሊስቅ ሲል ያለው ነው። ልብ ብሎ ያየ ያውቀዋል» አሉ።

ግላፊራ በዚያ ክረምት ወደ ሊፕኪ አልተመለሱም። መጀመሪያ ብርድ ነው አሉ፤ ቀጥሎ ፈረሱ ታሟል አሉ፤ በኋላ ምክንያት መስጠቱን ተዉት። ቀን ቀን ካልሲ ይሠራሉ፤ በወጥ አሠራር ከካፒቶሊና ጋር ይጨቃጨቃሉ። ደብዳቤዎች መምጣት የጀመሩት በዚያ መካከል ነው። ቴምብሩን ያዩ ሰዎች መጽሐፎቹን እንደገና አንብበው ለባለቤቱ ይጽፉ ነበር።

አንድ ቀን ከሩቅ ምሥራቅ፣ ከባሕሩ ዳር ከተማ፣ የአንዲት ነርስ ደብዳቤ መጣ። በወንዝ ዳር ስለምትጠብቀው ሴት የተጻፈውን ታሪክ አንብባለች። ሴትዮዋ በእውነት የነበረች ሰው ናት ወይ፣ ኋላስ ምን ሆነች ብላ ትጠይቃለች።

ካፒቶሊና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ ብዕርና ወረቀት አምጥተው ከእኅታቸው ፊት አስቀመጡ። «ይሄ ላንቺ የመጣ ነው» አሉ።

ግላፊራ ካልሲውን አስቀመጡና አሰቡ። ብዕሩን አንሥተው በትልልቅ ፊደል ቀስ ብለው ጻፉ፤ ካፒቶሊና በትከሻቸው ላይ አዘንብለው ያነቡ ነበር፦

«ውድ ልጄ፣ ሴትዮዋ እኔ ነኝ። ደኅና ነኝ። መጽሐፉ እንደሚለው ወንዝ ዳር ቆሜ አላለቀስኩም፤ ላሞች ነበሩኝ፣ ሥራም ነበረኝ። የጠበቅሁት ሰው ግን አለ፤ እሱን ሳይሆን እኅቴን ነው። ዘግይታም ቢሆን መጥታለች።»

ካፒቶሊና እጃቸውን ከእኅታቸው ትከሻ ላይ አላነሡም።

«ላሞች የሚለውን አስተካክዪ» አሉ በመጨረሻ። «ያለሽ አንድ ላም ነበረች።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? አልመጣሽ!» አሉ ግላፊራ፤ ደብዳቤውንም ማጠፍ ጀመሩ።