ጎመን በመስኮቱ በኩል

ባለ ልኳንዳ ሆኖ ስጋ ማቆም ምን ይሉታል? ሰፈሩ ስም አላጣለትም፤ «ጎመኔ» አለው። ቀድሞ «ጮማው» ነበር የሚባለው፣ ያውም ሲያንሰው ነው። ምሳውን የሚበላው መስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ መንገደኛ ሁሉ እያየው ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ አጥንት ሲግጥ ያየው ሰው፣ ዳቦ ሊገዛ የወጣውም ቢሆን፣ ስጋ ይዞ ይመለሳል። ሱቁን በጋራ የያዘው ታላቅ ወንድሙም «ከማስታወቂያ ሰሌዳ ያንተ ጉንጭ ይበልጣል» ይለው ነበር።

ታዲያ ሐኪሙ የልቡን ምርመራ አይቶ «ስጋ ቀንስ» አለው። ጎመኔ ራሱን ያውቃል፤ አንዴ ከቀመሰ ድስቱን ሳይጠርግ አይነሳም። መቀነስ የሚሉት ነገር አልፈጠረበትምና ጨርሶ ተወው። አባታቸው የሞቱት በዚሁ በልብ ሕመም ነው። ፈርቷል፣ እውነቱ ይኸው ነው። ሚስቱም «ጎመን በጤና» ብላ የምሳ ዕቃውን ሞላችለት። ይህን ተረት የማይተርት የለም፤ ጎመኑን የሚበላ ነው የጠፋው።

የተሳሳተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቦታውን አልቀየረም። እንደ ልማዱ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጎመኑን ያላምጥ ጀመር። ወሬ ደግሞ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «ባለቤቱ ያልደፈረውን ስጋ እኛ እንብላው?» ተባለ። ስጋው ተሰቅሎ መዋል ጀመረ፤ ደንበኛው መንገድ ተሻግሮ በዚያ በኩል ያልፋል።

«አንተ ልትድን ሱቁ ሊሞት ነው» አለ ታላቅ ወንድሙ። «ቅዳሜ ሰው ፊት አንዲት ጉርሻ ትጎርሳለህ። እምቢ ካልክ ድርሻህን ይዘህ ውጣና ጎመን ቸርችር!»

ቅዳሜ ታላቅየው የጎድን አጥንት ጠብሶ፣ ቅቤው እየተንጨረጨረ በሳህን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ወሬ የሰማ ሁሉ በር ላይ ተኮልኩሏል። ጎመኔ አንዱን አጥንት አነሳ። ሽታው አፍንጫው ሲገባ ወደ አፉ አስጠጋው፣ ከዚያ ሳህኑ ላይ መለሰው።

«አልችልም ጋሼ። አንዱን ከበላሁ አላቆምም። እንደ አባባ መሄዴ ነው።» ወደ ሰዉ ዞረ። «ስጋው ምንም አልሆነም ጎበዝ፤ የታመምኩት እኔ ነኝ። ሌሊት በሕልሜ የምግጠው እንኳ ይሄንኑ ጎድን ነው።»

ይህን እያለ ዓይኑ ከሳህኑ አልተነቀለም። ምራቁን ዋጠ፤ ጉሮሮው ሲወጣ ሲወርድ በር ላይ ላሉት ሁሉ ታየ። ከመካከላቸው ጡረታ የወጡ አንዲት አስተማሪ መነጽራቸውን አስተካክለው በደንብ ተመለከቱት።

«ባሌ በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ አላየኝም» አሉ። «ሰው እንዲህ የሚያየው ስጋማ መጥፎ አይሆንም። በል ከዚሁ ጎድን ሁለት ኪሎ መዝንልኝ።»

ሳቁ ሱቁን ሞላው። ከሳቁ በኋላ ሰልፉ መጣ፤ ሳይመሽ መስቀያው ባዶ ቀረ።

በሩን ከዘጉ በኋላ ታላቅየው ቢላዎቹን እያጠበ በደስታ ያፏጫል። «ነገም እዚያው መስኮቱ ሥር ነህ! እኔ አጠገብህ እጠብሳለሁ፣ አንተ ምራቅህን ትውጣለህ። እንዳትቀምስ ብቻ!» እያለ፣ ባንኮኒው ላይ ቀዝቅዞ የቀረውን ጎድን አንስቶ ወደ አፉ አስጠጋው።

«ጋሼ» አለው ጎመኔ፣ በቀስታ። «የአባባ ልጅ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?»

የታላቅየው እጅ ባለበት ቀረ። አጥንቱን አየ፤ ታናሹን አየ፤ ነጻ እጁ ሳያስበው ደረቱ ላይ አረፈ። ጎድኑን ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሚስትህ ጎመኑ ላይ… ቃሪያ ታደርግበታለች?»