ወደ ግራ የተቋጠረ ታንኳ

ጥፋቴ በአንዲት ትንሽ ሳጥን ጀመረ። የውድድሩ ቅጽ ላይ “በቡድን” እና “በግል” የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ነበሩ፤ እኔ “በግል” የሚለውን ነካሁ። በየዓመቱ ባሕር ዳር በሚካሄደው የጌም ሠሪዎች ውድድር በቡድን የሚገባው ብዙ ነው፤ በግል የገቡት ግን አምና ስድስት ብቻ ነበሩ። ብልጥ መሆኔ ነበር። ያን ብልጠቴን ሳስብ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

ጌሙን የሠራነው ለሁለት ነው። እኔ ኮዱን ጻፍኩ፤ ጓደኛዬ መዲና ሥዕሉን በሙሉ ሣለች። ተጫዋቹ ጣና ዳር ደንገል ያጭዳል፣ ያደርቃል፣ ታንኳ አስሮ እስከ ደልጊ ይቀዝፋል። የታንኳ አሠራሩን ያሳዩን አባቷ ጋሽ ኢስሀቅ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን በዚህ ሥራ ልጆች ያሳደጉ ሰው። ድምፃቸውንም ቀድተን አስገብተነዋል። ተጫዋቹ ሲቸኩል “ቀስ በል ልጄ፣ ገና አልደረቀም” ይላሉ።

ጌሙን ከመላኬ በፊት የመዲናን ስም ከመዝጊያው ገጽ ላይ አጠፋሁት። ለእሷ “ልኬዋለሁ” ብቻ አልኳት። ካሸነፍን በኋላ አስተካክለዋለሁ እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ፤ ራሴን መሸንገል ላይ ደግሞ የሚያህለኝ የለም።

የሽልማቱ ዕለት እናቴ አገርነሽ የፋብሪካ ጓደኞቿን አስከትላ ከፊት ተቀምጣ ነበር። መዲናን አልጠራኋትም። ማስታወቂያውን ራሷ አይታ፣ አባቷን አዲስ ጀለቢያ አልብሳ ይዛቸው መጣች። ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ጋር መድረኩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። “በግል ዘርፍ፣ ሕዝቅኤል” ተብሎ ስሜ ሲጠራ መዲና ልታጨበጭብ ያነሳቻቸውን እጆቿን ጉልበቷ ላይ መለሰቻቸው።

ዋንጫው ከመሰጠቱ በፊት ዳኞች ይጠይቃሉ። ከመካከላቸው ፀደንያ የምትባለው የጎርጎራ ልጅ ናት። ታንኳውን ስክሪኑ ላይ አቁማ፣ እኛ ዘንድ ቋጠሮው ሁሉ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው፣ ያንተ ለምን ወደ ግራ ዞረ አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያፈጠጥኩበት ታንኳ ነው። አንድ ቀን እንኳ አላስተዋልኩትም።

“ለውበት ብዬ ነው” አልኩ።

ጋሽ ኢስሀቅ ከኋላ ሳቁ። ክፋት የለውም ሳቃቸው፤ ልጅ ሲሳሳት እንደሚሳቀው ነው። ብድግ ብለው “ለውበት አይደለም ልጄ፤ እኔ ግራኝ ስለ ሆንሁ ነው። ሐይቁ ላይ ታንኳዬን የሚለዩት በዚያ ነው” አሉ።

ፀደንያ ወደ እሳቸው ዞረች። የእርስዎ ቋጠሮ እዚህ ጌም ውስጥ እንዴት ገባ፣ አብሮት የሠራ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀች። በግል ዘርፍ አጋር ያለው ሰው እንደሚሰረዝም ጨመረች።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። “መዲና” ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? ዝም አልኩ። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

ጋሽ ኢስሀቅ መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ። ቀጥለው እኔን፣ ከዚያም ከፊት የተቀመጠችውን እናቴን አዩ። ሁሉም ነገር እንደ ገባቸው ከፊታቸው አነበብኩ።

“እኛ ቤት እየመጣ ያይ ነበር” አሉ ቀስ ብለው። “የሠራው ግን ብቻውን ነው።”

ተቀመጡ። ሰው አጨበጨበ፤ ዋንጫውንም ተቀበልኩ።

ከአዳራሹ ስወጣ ሐይቁ ዳር አገኘኋቸው። ጋሽ ኢስሀቅ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው እንኳን ደስ አለህ አሉኝ፤ እናትህን ሰላም በልልኝ ብለውም እኛ እንድንነጋገር ትተውን ፈንጠር አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለመዲና፣ ሰኞ ሄጄ ለዳኞቹ እውነቱን እነግራቸዋለሁ አልኳት።

“በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሞ የመሰከረ አባቴ ነው” አለች። “አሁን ብትናገር ውሸታም የሚባለው ማን ነው?”

አባቷ ወዳሉበት ዞራ አየች።

“ድምፁን ከጌሙ አውጣው” አለችኝ። “ያን ስንቀዳ አባቴ ዋሽቶ አያውቅም ነበር።”

በማግስቱ አወጣሁት። አሁን ተጫዋቹ ሲቸኩል ቀስ በል የሚለው የለም። መዲናም ከዚያ ወዲህ ስልኬን አንስታ አታውቅም።

ዋንጫው ሳሎናችን ቡፌው ላይ ነው። እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር አውርዳ ታሳያለች። ብቻውን ነው የሠራው ትላለች። ካላመናችሁኝ ትላለች፣ ታንኳ ሠሪውን ጋሽ ኢስሀቅን ጠይቋቸው።