የጓሮው ወይራ

አለቃ ሐድጉ ማኅደሩን ከግድግዳው አውርደው ሲከፍቱት የብራና ፍርፋሪ ጭናቸው ላይ ረገፈ። ሰባት ወር ጎንበስ ብለው የጻፉትን ዳዊት አይጥ ዳር ዳሩን ከርትፎታል። የሚስታቸው የዘውዲ ሙት ዓመት ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ዳዊቱን ያን ቀን በስሟ ለጊዮርጊስ ሊሰጡ ተስለው ነበር። ልጅ አልወለደችም፤ ስሟን የሚያስጠራላት ሌላ ነገር የለም።

አይጥማ ድሮም ነበረ። እንዲህ በጠራራ ፀሐይ፣ የቤት ጌታ መስሎ ሲንጎራደድ ያዩት ግን ዘንድሮ ነው።

ጎረቤታቸው የሺዓለም ከደጃፍ ቆማ ራሷን ነቀነቀች። «ነግሬዎት ነበር እኮ አለቃ፤ መተቱ ገና አልወጣም።»

መተት ያለችው፣ ዘውዲ በታመመች ሰሞን ከጓሮው ወይራ ሥር የተገኘውን የጸጉርና የአጥንት ድብልብል ነው። በወይራው ሽንቁር ውስጥ ጉጉት ትኖር ነበር፤ ጉጉት ደግሞ ሞት ጠሪ ናት። ሐድጉ በሠልስቱ ማግስት ድብልብሉን አቃጥለው፣ ወይራውን በመጥረቢያ ገነደሱት። ጉጉቷ በቀን ብርሃን እየተደናበረች ወደ ጊዮርጊስ ጽዶች በረረች። ሠፈሩ ሁሉ እሰይ አለ።

ቃለ እግዚአብሔር የተጻፈበት አይጣልምና፣ ፍርፋሪውን ሊቀብሩ ጉቶው ሥር ቆፈሩ። ዝናብ ካልደረሰበት የጉቶው ስንጥቅ ሌላ ድብልብል ወጣ። አማተቡ። ከዚያ በብርዕ መቅረጫቸው ፈለቀቁት፤ ውስጡ አራት ትንንሽ ራስ ቅል፣ ከነቢጫ ጥርሳቸው።

«አይጥ ነው» አሉ። «ጉጉቷ በልታ የተፋቻቸው አይጦች ናቸው። ቤቴን ስትጠብቅልኝ ኖራለች።»

የሺዓለም ቀርባ ቅሎቹን አጎንብሳ አየች። «ታዲያ እትዬ ዘውዲን ማን ጠራብን?»

ሐድጉ ዓመቱን ሙሉ የሚረግሙት ጠላት ነበራቸው፤ ርግማኑም ሐዘኑን ያግዛቸው ነበር። አሁን ብቻቸውን ቀሩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ዘውዲ ጥጥ ታኖርበት የነበረውን እንቅብ ለጉጉቷ ማደሪያ እንዲሆን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ አፉን ወደ ጽዶቹ አዙረው አሰሩት።

«ኧረ አለቃ፣ ሰው ምን ይላል?»

ሐድጉ የተረፈውን ዳዊት አቅፈው ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ፤ ያን የጠሉትን ድምፅ ለመስማት ጆሯቸውን ጣሉ። ቤት ውስጥ አይጦቹ ይንጫጫሉ። ከጽዶቹ በኩል ምንም አልተሰማም።