ከኩታው ጀርባ

ከፋሲካ ወዲህ ወልደተንሣኤ ቀን ቀን እህል ሲቀምስ ያየው ሰው አልነበረም። ጾም በሌለበት በበዓለ ሃምሳ፣ አንኮበር ሁሉ በሥጋና በጠላ ሲደሰት፣ እሱ «ሆዴን አሞኛል» እያለ ከማዕድ ይሸሻል። የተጠመቀው አምና ነው፤ ከዚያ በፊት ስሙ ሸሪፍ ነበር። ቤቱንም መሬቱንም ያገኘው በክርስትናው ነው። የእስላሞቹ ረመዳን የገባውም በፋሲካው ሰሞን ነው።

የክርስትና አባት ሆኖ የቆመለት ገብረ ጻድቅ ነበር። የደብሩ አለቃ ኃይለ ገብርኤል አስጠሩት።

«ልጅህ ማታ ማታ አልዩ አምባ፣ እስላሞቹ ገበያ፣ ይወርዳል ይሉኛል። ሄደህ እይ። በልቡ ሸሪፍ ከሆነ ከመሬቱ ይነቀላል።»

ገብረ ጻድቅ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቁልቁለቱን ወረደ። ገበያው ዳር ሲደርስ ማተቡን ከኩታው ሥር ሸሸገ። ጾም ተፈትቶ ገበያው መድራቱ ነበር። በየምድጃው ሥጋ ይንጨረጨራል፤ ቴምርና ትኩስ ቂጣ የሚሸጡት ይጣራሉ፤ ጭነታቸው የወረደላቸው ግመሎች ከጨለማው ውስጥ ያጉረመርማሉ። በእሳቱ ብርሃን የተቀመጡትን ፊት በፊት እያየ አለፈ፤ ተመልሶም አለፈ።

«አባቴ፣» አለች ጥብስ ሻጯ መሪማ፣ «ሥጋዬን አይገዙ፣ የደንበኞቼን ፊት ብቻ እያዩ ይመላለሳሉ። የማን ጆሮ ነዎት?»

ዙሪያዋን የተቀመጡት ግመል ነጂዎች ማላመጣቸውን ገቱ።

«የማንም አይደለሁም። ርቦኝ ነው።»

«የራበው ሰውማ ይቀመጣል!»

ተቀመጠ። ቂጣ ላይ የፍየል ጥብስ አድርጋ ሰጠችው። እስላም የባረከውን ሥጋ የበላ ክርስቲያን ንስሐ ሳይገባ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አይረግጥም። ነጂዎቹ ግን እጁን ያዩ ነበር። ጎረሰ። መጣፈጡ አናደደው።

«እዚህ ዓይን ይበዛል፣ አባቴ። ልጋርድዎት» አለ አንድ ድምፅ ከበስተኋላው።

ወልደተንሣኤ ነበር። ለከበረ ሰው እንደሚደረገው ኩታውን በፊቱ ዘረጋለት። ጎንበስ ብሎም፣ «ዝም ብለው ይብሉ። የአለቃው ዲያቆን ዘርአ ዳዊት ከእሳቱ ማዶ ቆሟል» አለው።

ገብረ ጻድቅ ከኩታው ኋላ ዝቅ አለ። አለቃው እሱንም አላመኑትም ማለት ነው። ወልደተንሣኤ በግራ እጁ ኩታውን እንደያዘ በቀኙ ቴምር አነሣና ወደ አፉ ሰደደ። ተያዩ።

በማግስቱ ቀትር ላይ አለቃው ሁለቱንም ለምሳ ጠሯቸው። ዲያቆኑም ነበር።

«ዘርአ ዳዊት ትናንት ማታ ወልደተንሣኤን ከጀርባው አይቶታል፤ አንድ ሽማግሌ ሲጋርድ» አሉ አለቃው፣ ገብረ ጻድቅን እያዩ። «ሽማግሌው ማን ነበር?»

«እንጃ፣ አባቴ። እኔ አላየሁም» አለ ገብረ ጻድቅ።

አለቃው ወደ ማዕዱ ዞሩ። «መልካም» አሉ። «እንግዲያው ምሳ እንብላ። ወልደተንሣኤ፣ አንተ ጀምር።»

ወልደተንሣኤ እጁን ወደ ማዕዱ ዘረጋ፤ እጁም እዚያው ቀረ። ገብረ ጻድቅ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጠገቡ ዐረፈና ኩታውን በራሱም በልጁም ላይ ጣለ።

ዘርአ ዳዊት ሳቀ። «አባት ልጁን ሲጋርድ ዛሬ አየሁ!»

«ሆዱን ያሳመመው የሰው ዓይን ነው» አለ ገብረ ጻድቅ ከኩታው ውስጥ። «ያንተንስ ዓይን ማን ያውቀዋል?»

የዲያቆኑ ሳቅ ቆመ። አለቃውም በገዛ ቤታቸው የእንግዳ መጋረጃ መግለጥ ነውር ነውና ከወንበራቸው አልተነሡም።

ከኩታው ጀርባ ወልደተንሣኤ ራሱ ሳይቀምስ እየጠቀለለ የክርስትና አባቱን አጎረሰ። ገብረ ጻድቅ እስኪያንገሸግሸው ድረስ በላ። እንጀራው ሲያልቅ የወልደተንሣኤ እጅ ወጥቶ ባዶውን መሶብ ገፋ አደረገ።

አለቃው ዓይናቸውን ከኩታው ላይ አልነቀሉም።

«ጨምሩለት» አሉ።