የሚዛኑ ሞላ

«ቢበጠስስ?» አሉ አያትየው። ከእንቅልፋቸው ከተነሱ ጀምሮ ሲያብሰለስሉት የነበረ ነገር ነው።

ልጃቸው ሚዛን ጠጋኝ ናት። ከማይጠገን ሚዛን የፈታችውን ረጅም ሞላ ከጣሪያው ብረት ላይ አንጠልጥላ፣ ከወፍራም ሸራ የሰፋችውን የሕፃን አልጋ አስራበታለች። የወሊድ ፈቃዷ አልቋል፤ ዛሬ ሥራ ካልገባች ቦታዋን ሌላ ሰው ይይዘዋል። ልጇ ደግሞ ከእሷ ክንድ ሌላ መኝታ አያውቅም። ቤቱን ቀጥ ለጥ አድርጎ ስለሚገዛ «አለቃ» ነው የሚሉት።

«የእሱን እጥፍ የሚከብድ ዱቄት ነው የጫንኩበት፣ እማዬ። ቢበጠስም ከጎኑ ያሰርኩት ይሄ ገመድ ይይዘዋል።»

«ጣሪያ ላይ ቢያስፈነጥርብኝስ?»

«ሳቢውና እዪው።»

ፈራ ተባ እያሉ ሳቡት። ባወረዱት ቁጥር ወደ ላይ የሚጎትታቸው ጉልበት በረታ። ሲለቁት ዱቄቱ ወጣ፣ ቦታውን አለፍ አለ፣ ደግሞ ተመለሰ።

«አየሽ? በራቀ ቁጥር አጥብቆ ይመልሰዋል።»

«ካንቺ ይሻላል በይኛ። አንቺማ ከሄድሽ ሄድሽ ነው።»

ልጅቷ ሳቀች። ዱቄቱን አውጥታ አለቃን አስተኛችው። አለቃ ቤቱን በጩኸት አናጋው። አያትየው ተንደርድረው ወደ ላይ የሚመጣውን አልጋ ቁልቁል ቢገፉት፣ አልጋው ተንገጫገጨ፤ ጩኸቱ ባሰ።

ልጃቸው እጇን በእጃቸው ላይ አሳረፈች። «ሲመጣ አትጋፊው፤ ጉልበቱን ትቀሚዋለሽ። ጫፍ ላይም ቆሟልና ተይው። ሲወርድ አብረሽው ውረጂ፤ መሃል ላይ ሩጫው ሲበረታ ትንሽ ጫን አድርጊው።»

ሁለቱ እጆች አብረው ወረዱ፣ አብረው ወጡ። አያትየው በዘይት የጠቆሩትን የልጃቸውን ጣቶች አዩ። ድሮ የግድግዳውን ሰዓት ፈታትተው ያስለቀሷቸው ጣቶች ናቸው። ይቺ ልጅ ማንን ወጣች? አሉ በሆዳቸው። ጩኸቱ ወደ ማጉረምረም፣ ማጉረምረሙ ወደ ትንፋሽ ወረደ። ልጅቷ እጇን ቀስ ብላ አነሳች። አልጋው ዥዋዥዌውን አላቋረጠም፤ የእናቷ እጅ ለምዶታል።

ሹራብሽን ደርቢ፣ መንገድ ስትሻገሪ ግራ ቀኝ እዪ፣ ስልክሽን እንዳትዘጊ፤ ሁሉም ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደረሰ። እነዚህን ሳይሉ ሰው ሸኝተው አያውቁም። አለቃ ቅንድቡን ነቅነቅ አደረገ።

አያትየው አፋቸውን ገጠሙ። ከአልጋው ጋር ወረዱ፣ ትንሽ ጫን አደረጉት።

ልጃቸው ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች።